ለድሮ ስፖርት መኪና ምትክ መሪ መምረጥና መግጠም፦ ከሃቡ ጀምሩ

አብዛኛው ሰው መሪ የሚገዛው ፎቶ አይቶ ነው። የሚያብረቀርቅ የእንጨት ቀለበት፣ ሦስት ቀጭን የአሉሚኒየም ክንድ፣ መሃሉ ላይ ትንሽ የክላክስ ቁልፍ። ብሩ ተከፍሎ ዕቃው ይመጣል። የመሪው ቀዳዳ ከሃቡ ቀዳዳ ጋር እንደማይገጥም፣ ሃቡም ከመኪናው ዘንግ ጋር እንደማይገናኝ የሚታወቀው አሮጌው መሪ ከተፈታ በኋላ ነው። ከዚያ ሞረድ ይመጣል፣ ከሞረዱ ቀጥሎ ብየዳ። በሞረድና በብየዳ የተገጠመ መሪ ላይ ነፍስ አይጣልም።

ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ መኪናው፣ ቀጥሎ ሃቡ፣ መሪው መጨረሻ። ሃብ የምለው መሪውን ከመሪው ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን ብረት ነው። በአንድ በኩል ዘንጉ ላይ የሚገባ ጥርስ አለው፣ በሌላው በኩል መሪው የሚታሰርባቸው የብሎን ቀዳዳዎች።

ዋናው ምሳሌዬ ከ1962 እስከ 1980 የተሠራው የእንግሊዙ ኤምጂቢ ነው። ቁጥሮቹን ቀይራችሁ ለአልፋ ሮሜዮ ስፓይደር፣ ለፊያት 124 ስፓይደር፣ ለዳትሰን 240ዜድ ወይም ለድሮ ፖርሽ 911 ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ መቀየር ይቻላል ወይ?

ሦስት ነገር ሳታጣሩ ገንዘብ አታውጡ።

*ኤርባግ።* መሪው ውስጥ ኤርባግ ካለ ተዉት። ጥያቄው በብዛት የሚነሳው የማዝዳ ኤምኤክስ-5 የመጀመሪያው ትውልድ ላይ ነው። በአሜሪካ የተሸጡት ኤርባግ አላቸው፤ በጃፓንና በአውሮፓ ከተሸጡት ቀደምቶቹ ብዙዎቹ የላቸውም። «ነቅዬ መብራቱን አጠፋዋለሁ» የሚል ምክር በየቦታው ታገኛላችሁ፤ አትስሙት። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ የፌዴራሉ ሕግ ጋራዦችና ነጋዴዎች በመንግሥት ደንብ የታዘዘን የደኅንነት ዕቃ ከሥራ ውጭ እንዳያደርጉ ይከለክላል። ደህና ጋራዥ ይህን ሥራ አልሠራም ቢላችሁ ሊያጉላላችሁ ፈልጎ አይደለም።

*የአገሩ ምርመራ።* ጀርመን የምትኖሩ ከሁሉ በላይ ተጠንቀቁ። እዚያ ምትክ መሪ አቤኤ የሚባለው የአጠቃቀም ፈቃድ ወይም የባለሙያ የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ወረቀቱ የእናንተን መኪና ሞዴል በስም መጥቀስ አለበት፤ መሪውን ብቻ የሚጠቅስ ወረቀት አይበቃም። ከ30 ዓመት በላይ ለሆናቸው መኪኖች የሚሰጠው የኤች ታርጋ ካላችሁ፣ መሪው ከመኪናው ዘመን ጋር የሚሄድ መሆኑም ይታያል። ሌላ አገር ያላችሁ፣ አዲስ አበባም ሆነ ቴል አቪቭ፣ ዓመታዊ ምርመራውን ወደሚያደርገው ጣቢያ ሂዱና የመሪውን ዓይነት አሳይታችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቦሎ ሳይለጠፍ ሲቀር መጨቃጨቅ አያዋጣም።

*የአሮጌው ዋጋ።* የፋብሪካው መሪ የተሰነጠቀ ብቻ ከሆነና ብረቱ ካልተጣመመ ሊጠገን ይችላል። የጠንካራ ፕላስቲክ ስንጥቅ በሦስት ማዕዘን ተቦርቡሮ በኢፖክሲ ይሞላል፣ ይፈገፈጋል፣ ይቀባል። መኪናው ብርቅ ከሆነ መጀመሪያ ይህን አስቡ።

ደረጃ 2፦ ዘንጉን ለዩ፣ ሃቡን እዘዙ

ገንዘብ የሚቀልጠው እዚህ ላይ ነው። የሞዴሉን ስም ብቻ ይዛችሁ ሃብ አትዘዙ። ኤምጂቢ አንድ መኪና ይመስላል እንጂ የመሪ አምዱ (ዘንጉን የያዘው ቱቦ) በየዘመኑ ተቀይሯል፣ ሃብ ሻጮችም በዓመት ከፋፍለው ነው የሚሸጡት። በአሜሪካ በ1968 ሥራ ላይ የዋለው የደኅንነት ደንብ አምዱ በግጭት ጊዜ ወደ ሾፌሩ ደረት እንዳይገፋ አስገደደ። ስለዚህ ለዚያ ገበያ የተሠሩት መኪኖች ሲጋጩ የሚሰበሰብ አምድ ተገጠመላቸው። የአንድ ዓመት ሁለት መኪና፣ አንዱ ለአሜሪካ፣ አንዱ ለእንግሊዝ ተሠርቶ፣ የተለያየ ሃብ ሊፈልግ ይችላል።

እንዲህ አድርጉ፦

1. የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ላይ ገልብጡ። ሊብሬው ላይ ያለው ዓመት የተመዘገበበት እንጂ የተሠራበት ላይሆን ይችላል።
2. አምዱ ከሌላ መኪና ተነቅሎ የገባ መሆን አለመሆኑን እዩ። ሃምሳ ዓመት በኖረ መኪና ላይ ይህ የተለመደ ነው።
3. የክላክሱን ክዳን አንሱና (አወጣጡ ደረጃ 8 ላይ አለ) የዘንጉን ጫፍ በስልክ አንሱ። የዘንጉን ውፍረት በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ለኩ፣ ጥርሶቹን ቁጠሩ። ለመቁጠር አንዱን ጥርስ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጉና ከእሱ ተነሡ፤ አለበለዚያ ሁለት ጊዜ ቆጥራችሁ ሁለት የተለያየ ቁጥር ታገኛላችሁ።
4. ፎቶውን፣ ልኩን፣ የሻንሲ ቁጥሩንና የጥርሱን ብዛት ለሻጩ ላኩ። «ይገባል» ብሎ በጽሑፍ ይመልስላችሁ።

ለፋብሪካው አምድ የሚሰበሰብ ክፍል ከነበረው፣ አዲሱ ሃብም በግጭት ጊዜ የሚታጠፍ ክፍል ያለው ይሁን። ሙሉ በሙሉ ድፍን አሉሚኒየም የሆነው ርካሽ ነው፣ ግን መኪናው የነበረውን መከላከያ በከፊል ይቀንሳል።

ሃብ ካልተገኘስ? «ቶርኖ ቤት ወስጄ አስቀርጻለሁ» የሚለው ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ጎበዝ ቶርኖ ሠራተኛ ክቡን አሳምሮ ያወጣል። ችግሩ ጥርሱ ላይ ነው። የዘንግ ጥርስ በልዩ መሣሪያ ነው የሚቆረጠው፤ በግምት የተቆረጠ ጥርስ መጀመሪያ ላይ ይይዛል፣ ውሎ አድሮ ግን ይላላል። የድሮ መሪ መሃሉን ቆርጦ አዲስ ሳህን መበየድ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ። መሪ አይበየድም። ካልተገኘ የፋብሪካውን መሪ አስጠግኑ።

ደረጃ 3፦ ስፋቱን በካርቶን ወስኑ

የመጀመሪያዎቹ ኤምጂቢዎች መሪ 16.5 ኢንች፣ ማለትም 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው። ያን ያህል የሰፋው ለጌጥ አይደለም፤ ጉልበት የሚያግዝ መሪ ስለሌለው ነው። ሰዎች የሚመኙት 350 ሚሊ ሜትሩን ነው። ከ420 ወደ 350 ስትወርዱ እጃችሁ የሚጠይቀው ጉልበት 20 በመቶ ይጨምራል። ወደ 380 ብትወርዱ ጭማሪው 10 በመቶ ገደማ ነው። መንገድ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይሰማም። ቆማችሁ ፓርክ ስታደርጉ ግን ትከሻችሁ ይነግራችኋል፤ ጎማውም ከፋብሪካው የሰፋ ከሆነ የባሰ ነው።

ለአብዛኛው ጉልበት አጋዥ ለሌለው የድሮ መኪና ምክሬ 360 እስከ 380 ነው። 350 ለቀላል መኪናና ለጠባብ ጎማ። ከዚያ በታች ያለውን ለውድድር ሜዳ ተዉት።

ከመግዛት በፊት ግን ካርቶን ቁረጡ፦

1. በ350፣ በ360 እና በ380 ሚሊ ሜትር ስፋት ሦስት የካርቶን ቀለበት ሥሩ። ቀለበቱ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው፤ ድፍን ክብ ከሆነ ጌጁን ሁሉ ይሸፍንና ምንም አታዩም።
2. ወንበሩን በተለመደው ቦታችሁ አስተካክሉ፣ የምትነዱበትን ጫማ አድርጉ።
3. ካርቶኑን አሁን ባለው መሪ ላይ በወረቀት ፕላስተር አጣብቁት፣ መሃል ለመሃል።
4. የፍጥነትና የዙር ጌጁን አንብቡ። ትንሽ መሪ የጌጁን አናት እንደሚሸፍን ብዙ ሰው አያስብም። ብዙ መኪና ላይ መርፌው በተለመደው ፍጥነት የሚቆመው አናቱ አካባቢ ነው። የፍሬቻና የዘይት መብራቶቹም ይታዩ እንደሆነ እዩ።
5. ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጡና መልሱ። ጭናችሁ ከቀለበቱ በታች ጠርዝ ጋር ስንት ጣት ይቀረዋል? ከሁለት ጣት ያነሰ ከሆነ ትንሹን ምረጡ። ትልቅ መሪን ለመተው ትክክለኛው ምክንያት ይህ ነው፤ ረጅም ሰው ጠባብ መኪና ውስጥ ሲገባ።

ይህን ሥራ ዘልላችሁ መሪ ያዘዛችሁ እንደሆነ፣ ጌጁን ለማየት አንገታችሁን እያሰገጋችሁ ትነዳላችሁ።

ደረጃ 4፦ ጥልቀቱን ለኩ

ጥልቀት ማለት መሪው የሚታሰርበት መሃሉ ከቀለበቱ ምን ያህል ወደ ውስጥ እንደገባ ነው። ጠፍጣፋ መሪ ዳሽቦርዱ ጋር ይቀርባል፤ ጥልቅ መሪ ወደ ደረታችሁ ይመጣል። የሃቡ ርዝመትም እዚሁ ላይ ይደመራል። ስለዚህ «ጥልቀት + የሃብ ርዝመት» አንድ ቁጥር ነው፣ ለየብቻ አትዩት።

አሁን ያለውን ቁጥር እንዲህ ያዙ፦ ረጅም ማስመሪያ በመሪው ፊት ላይ ከዳር እስከ ዳር አጋድሙ፤ ከማስመሪያው እስከ አምዱ ሽፋን ጠርዝ ድረስ ያለውን ለኩ። አዲሱ ከዚህ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ወደፊትም ወደኋላም ባይርቅ ይመረጣል።

ሁለት ፈተና አለ። ጀርባችሁን ከወንበሩ ሳታነሡ እጃችሁን ዘርጉ፤ የእጅ አንጓችሁ የመሪው አናት ላይ መድረስ አለበት። ከዚያ መሪውን እንደያዛችሁ የመሃል ጣታችሁን ወደ ፍሬቻው ዘርጉ። ካልደረሰ መሪው በጣም ወጥቷል። ጣታችሁ መሪና ፍሬቻ መካከል ከተቆነጠጠ ደግሞ በጣም ገብቷል፤ ይኼኛው ይብሳል፣ ምክንያቱም ኩርባ ላይ እጃችሁ ሲዞር ፍሬቻውን ይመታል።

ጥልቅ መሪ ፎቶ ላይ ያምራል። ደረት አጠገብ የመጣ ብረት ግን በግጭት ጊዜ ደረት ላይ ነው የሚያርፈው። የሚነቀል መገጣጠሚያ ጨምሩበት የሚሏችሁም አሉ፤ ለሌባ መከላከያ ብለው። እሱም መሪውን ይበልጥ ወደ እናንተ ያመጣዋል፣ የክላክሱንም ሽቦ ያወሳስባል። ለመንገድ መኪና አያስፈልግም።

ደረጃ 5፦ ቀዳዳዎቹን አዛምዱ

አሁን ገና መሪ መፈለግ ትችላላችሁ። ሞሞ፣ ስፓርኮና ኦኤምፒ በብዛት ስድስት ቀዳዳ 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ይጠቀማሉ። ናርዲና ፐርሰናል ስድስት ቀዳዳ በ74 ሚሊ ሜትር። የእንግሊዙ ሞቶ-ሊታ ዘጠኝ ቀዳዳ አለውና የራሱን ሃብ ይፈልጋል።

70 እና 74 በዓይን አይለዩም። ለመለካት ቀላሉ መንገድ ይኸውላችሁ፦ ጎን ለጎን ያሉ የሁለት ቀዳዳዎችን መሃል ለመሃል ለኩ። ስድስት ቀዳዳ ላይ ይህ ርቀት ሁልጊዜ የክቡ ስፋት ግማሽ ነው። 35 ሚሊ ሜትር ካገኛችሁ ባለ 70 ነው፤ 37 ካገኛችሁ ባለ 74። ያገለገለ መሪ የሚሸጥላችሁን ሰው ካሊፐር ወይም ማስመሪያ አስይዞ ፎቶ እንዲልክ ጠይቁት።

ልዩነቱ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ሞረድ ያጓጓል። አትሞርዱ። የተሞረደ ቀዳዳ ሞላላ ይሆናል፣ ብሎኑ ይንቀሳቀሳል፣ የሚንቀሳቀስ ብሎን ይቆረጣል። መፍትሔው ሁለቱንም ዓይነት ቀዳዳ ያለው ሃብ ወይም ከ70 ወደ 74 የሚያሸጋግር ሳህን ነው። ሳህኑም ውፍረት አለው፤ ወደ ደረጃ 4 ቁጥራችሁ ደምሩት።

የክላክስ ቁልፉን ከመሪው ጋር አብራችሁ ከአንድ ሻጭ ግዙ። የአንዱ ፋብሪካ ቁልፍ በሌላው መሪ ውስጥ ወይ ይነቃነቃል ወይ አይገባም።

ደረጃ 6፦ እንጨት፣ ቆዳ ወይስ ሱፍ-መሰል ቆዳ?

በአጭሩ፦ በየቀኑ የምትነዱት ከሆነ ቆዳ። በሳምንት አንዴ የምታወጡት ከሆነ እንጨት። ሱፍ-መሰሉን ለውድድር፣ በጓንት ለሚይዙት ተዉት፤ በባዶ እጅ ላብና ቅባት ይጠጣና ያብረቀርቃል።

ዱባይ፣ ሪያድ ወይም ኩዌት ያላችሁ፣ ክፍት መኪና ላይ ጥቁር ቆዳ ፀሐይ ላይ ሲውል የሚያደርገውን ታውቁታላችሁ። እንጨት ያን ያህል አያቃጥልም፤ ነገር ግን ቫርኒሹ ይሰነጠቃል። ለሁለቱም ጨርቅ ማልበስ ግድ ነው።

የቀለበቱን ውፍረትም አትርሱ። የድሮ መሪዎች ቀጭን ናቸው። እጃችሁ ትልቅ ከሆነ ወፈር ያለው ይመቻችኋል፤ ቀጭን መሪን አጥብቆ መያዝ ጣት ያደክማል።

ደረጃ 7፦ ሐሰተኛውንና የተጎዳውን ለዩ

የሞሞና የናርዲ አስመስሎ ሥራ ገበያውን ሞልቶታል። ዋጋው ከአዲሱ ግማሽ በታች ከሆነ ጠርጥሩ። የክንዶቹን ጀርባ እዩ፦ እውነተኛ ሞሞ ከጀርባው የሞዴሉ መለያ፣ ኬቢኤ የሚል የጀርመን የፈቃድ ቁጥርና የተሠራበት ቀን ታትሞበታል። ሻጩ የጀርባውን ፎቶ አልልክም ካለ ነገሩ አልቋል። ስፌቱንም እዩት፤ እኩል እርቀት፣ መገጣጠሚያው ላይ ያልተሸበሸበ። አስመስሎ የተሠራው ላይ ክንዱና ቀለበቱ የሚገናኙበት ቦታ ሙጫ ወይም የተዝረከረከ ብየዳ ይታያል።

ያገለገለ መሪ ስትገዙ፦

1. መስታወት ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፍታችሁ አስቀምጡት። ከተንገዳገደ ተጣሟል፤ ምናልባት ከአደጋ የወጣ ነው።
2. በሁለት እጅ ይዛችሁ ጠምዝዙት፣ ጆሯችሁን አስጠጉ። «ቀጭ» ካለ ውስጡ ተላቋል፣ ወይም የእንጨቱ ሪቬት ላልቷል።
3. ጥፍራችሁን በእንጨቱ ላይ ዙሪያውን አሂዱ። ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ቫርኒሽ ብቻ አይደለም።
4. የብሎኑን ቀዳዳዎች እዩ፤ ሞላላ ከሆኑ አንድ ሰው ሞርዷል።

ለኮሮላ ሶማሌ ተራ ገብቶ መሪ ማምጣት ይቻላል። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና ግን ተራ ለተራ መዞር ጊዜ ማባከን ነው፤ ከውጭ ይታዘዛል፣ ስለዚህ ልኩ አስቀድሞ ይጥራ።

ደረጃ 8፦ አሮጌውን አውጡ

የሚያስፈልገው፦ ለዳዶው የሚሆን ቡሽ ቁልፍ፣ ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያ ልክ የሚያሳይ)፣ ፑለር (መሪውን ከዘንጉ ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ)፣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት፣ ነጭ ቀለም ወይም ማርከር፣ የወረቀት ፕላስተር፣ የፕላስቲክ ማንሻ።

1. ቀጥ ባለ ሜዳማ መንገድ ጥቂት ሜትር ነድታችሁ መሪውን ሳትነኩ ቁሙ። ጎማዎቹ አሁን ቀጥ ብለዋል። መሪው አናት ላይና ዳሽቦርዱ ላይ ፕላስተር ለጥፉ።
2. የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ።
3. የክላክሱን ክዳን አውጡ። አንዳንዱ በማንሻ ይነሳል፣ አንዳንዱ ከመሪው ጀርባ በብሎን ታስሯል። ካቻቪቴ አስገብታችሁ በጉልበት አትፈልቅቁ፤ የድሮ ክዳን ይሰበራል፣ ምትኩ ውድ ነው። ምን ያህል ሽቦ እንዳለና የት እንደሚነካ ፎቶ አንሱ።
4. ዳዶውን ፍቱ። መሪውን ለማቆም የመሪ ቁልፉን አትጠቀሙ። ሌላ ሰው ቀለበቱን በሁለት እጁ ይያዝ። መሪ ቁልፉ ላይ ጉልበት ከጣላችሁ ምላሱ ይጣመማል፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይቆልፍባችኋል።
5. ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አታውጡ። ሦስት ዙር ያህል ዘንጉ ላይ ይቅር። መሪው በድንገት ሲላቀቅ ፊታችሁን እንዳይመታ የሚያደርገው እሱ ነው።
6. የዘንጉን ጫፍና አሮጌውን ሃብ በአንድ መስመር በቀለም ምልክት አድርጉ።
7. ዘይት ርጩ፣ ጠብቁ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ።

አልወጣም ካለ ፑለር አስገቡ። አጥብቃችሁ ተዉትና ሌሊቱን ይደር፤ ብዙ ጊዜ ጠዋት ላይ ለቅቆ ታገኙታላችሁ። የዘንጉን ጫፍ በመዶሻ አትምቱ። በሚሰበሰበው አምድ ውስጥ ያሉት የፕላስቲክ ፒኖች በአንድ ምት ይቆረጣሉ፣ አምዱም ይሰበሰባል። በቆየው ዓይነት ላይም የዘንጉ ጥርስ ጫፍ ይደፈጠጣል፣ ዳዶውም መልሶ አይገባም።

ደረጃ 9፦ አዲሱን ግጠሙ

1. የዘንጉን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። ሃቡን በእጅ ሞክሩ፤ ያለ መዶሻ መግባት አለበት። እስከ መጨረሻው ካልገባ አውጡት፣ ለሻጩ መልሱት። በዳዶ እየጎተቱ ማስገባት የተሳሳተ ጥርስን አያስተካክልም።
2. የፍሬቻ መመለሻውን ፈልጉ። አሮጌው ሃብ ጀርባ ላይ ፒን ወይም ጉብታ አለ፣ አለበለዚያ ዘንጉ ላይ የታሰረ ቀለበት ነው። አዲሱ ሃብ ላይም አቻው በዚያው ቦታ መቀመጥ አለበት። ይህን የረሳ ሰው ፍሬቻው አይመለስለትም፣ ወይም የመጀመሪያው ኩርባ ላይ የፍሬቻው ፕላስቲክ ይሰበራል።
3. መሪውን ገና ሳታስሩ ሃቡ ላይ ደግፉትና ክንዶቹ ቀጥ ይሉ እንደሆነ እዩ። ስድስቱ ቀዳዳዎች 60 ዲግሪ ስለሚራራቁ ሃቡ በተሳሳተ ጥርስ ከገባ መሪው መስተካከል አይችልም። ሃቡ ላይ የ«ላይ» ምልክት ካለ ወደ 12 ሰዓት አቅጣጫ ይሁን።
4. ሃቡን ዙሪያውን በሚሸፍነው ቀሚስና በአምዱ ሽፋን መካከል ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑር። ከተነካካ ይጮኻል፣ ሲሞቅ ይያያዛል።
5. ዋሸሩን መልሱ፣ ዳዶውን እሰሩ። የማጥበቂያ ልኩን ከመኪናችሁ የጥገና መጽሐፍ ውሰዱ፤ በዓመትና በዳዶ መጠን ይለያያል፣ ከጎረቤት መኪና አትዋሱት። ዳዶው ሃቡን እንጂ የጥርሱን መጨረሻ እንዳልጨበጠ አረጋግጡ፦ ከታሰረ በኋላ ሃቡ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተንቀሳቀሰ ዋሸር ጎድሏል ወይም ሃቡ የእናንተ አይደለም።
6. የክላክሱን ሽቦ አገናኙ። ከአምዱ ሁለት ሽቦ ከመጣ በቁልፉ ሁለት ጫፎች ላይ ይሰካሉ። አንድ ብቻ ከመጣ እሱን በአንዱ ጫፍ፣ ሌላውን ጫፍ በአጭር ሽቦ ከሃቡ ብረት ጋር።
7. ስድስቱን ብሎኖች መጀመሪያ በእጅ ሁሉንም አስገቡ፣ ከዚያ በመስቀል ተራ በተራ አጥብቁ። መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ ይበቃል። ከመሪው ጋር ከመጣው የረዘመ ብሎን አትጠቀሙ።

ደረጃ 10፦ ከመውጣት በፊት ፈትሹ

ባትሪውን መልሱ። የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ተነሥተው መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፤ ሽቦ መጠምጠም፣ ፍሬቻ መምታት፣ መፋተግ መኖሩን አድምጡ። ክላክሱን ቀጥ ባለ፣ ግራ በተጠመዘዘና ቀኝ በተጠመዘዘ መሪ ላይ ሞክሩ። ፍሬቻ በሁለቱም በኩል ይመለስ። ቀለበቱን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ራሳችሁ ሳቡ፤ ምንም መነቃነቅ የለም። ከዚያ ሰው በሌለበት ቦታ ቀስ ብላችሁ ንዱ።

ችግር ሲፈጠር

*ክላክሱ ሳያቋርጥ ይጮኻል።* ባትሪውን ንቀሉ። ከሽቦዎቹ የአንዱ ጫፍ ሃቡን ነክቷል፣ ወይም ረጅም ብሎን ሃቡ ጀርባ ላይ ያለውን፣ ለክላክሱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን የመዳብ ቀለበት ወግቷል። ጫፎቹን በሽሪንክ አልብሱ፣ ብሎኑን በአጭር ቀይሩ።

*ክላክሱ ጭራሽ አይጮኽም።* መጀመሪያ ፊውዙ። ቀጥሎ ሃቡ ጀርባ ያለው የመዳብ ቀለበት ከአምዱ ምላስ ጋር ይነካካ እንደሆነ እዩ፤ ምላሱ ከአሮጌው ሃብ ጋር አልቆ ሊያጥር ይችላል። ሃቡ በጥቁር ቀለም ከተቀባ ደግሞ አጭሩ ሽቦ የሚታሰርበትን ቦታ እስከ ብረቱ ፈግፍጉ።

*ክላክሱ በአንድ በኩል ሲዞር ብቻ ይጮኻል።* የመዳብ ቀለበቱ ተጣሟል ወይም ተንጋዷል።

*መሪው ጠማማ ነው።* ምን ያህል? ሃቡ 36 ጥርስ ካለው አንድ ጥርስ 10 ዲግሪ ነው። ጥመቱ ወደዚያ ከተጠጋ ሃቡን አንድ ጥርስ አዙሩ። ከዚያ በጣም ካነሰ ግን ጥርስ ማዞር ወደ ሌላው ወገን ያጣምመዋል። የታይሮዱ (ከመሪው ሥር ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚሄደው ዘንግ) ርዝመት በሁለቱም ጎን እኩል፣ አንዱን በማሳጠር ሌላውን በማስረዘም ይስተካከል፤ ይህን የጎማ ማስተካከያ ቤት ይሥራው። ከአሮጌው መሪ ጋር ቀጥ ብሎ የነበረ መኪና ግን ታይሮዱ አይነካም፤ ስህተቱ ሃቡ ላይ ነው።

*ፍሬቻው በአንድ ጎን ብቻ ይመለሳል።* መመለሻ ጉብታው ከመሃል ወጥቷል። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጋችሁ ደረጃ 9 ላይ ያለውን ቁጥር 2 ድገሙ።

*መሪው ይነቃነቃል።* አትንዱ። ብሎኖቹን ፍቱ፣ መሪውን አንሱና ሃቡን ብቻውን ነቅንቁ። ሃቡ ከተንቀሳቀሰ ችግሩ ጥርሱ ወይም ዳዶው ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ የብሎን ቀዳዳው ነው። በማጥበቅ አይድንም።

ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ስድስቱን ብሎኖችና ዋናውን ዳዶ እንደገና ፈትሹ። አሮጌውን መሪ፣ ክዳኑንና ዳዶውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፣ የሻንሲ ቁጥሩንም ጻፉበት፤ መኪናውን የምትሸጡ ቀን ገዢው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።